ሥልጠናው የተዘጋጀው ለማን ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፣ ከባንክ ነው የምደውልልዎት። ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ።» እንዲህ ያለ ስልክ ያልተደወለለት ሰው ዛሬ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ማግኘት ያስቸግራል። ደዋዩ ትሑት ነው፤ አንቱ ይላል፤ ስምዎንም ያውቃል። ካልሰጡት ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስቸኩልዎታል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ተጨመረ። ቅቤ የምትሸጥ እናት «በስልክ አስገባልኝ» የምትልበት፣ ደመወዝ መግባቱን በመልእክት የምናውቅበት ዘመን ላይ ነን። ሌባውም ገንዘቡ ወደሄደበት ተከትሎ ሄደ። ቤተሰብ ከዚህ እንዴት እንደሚጠበቅ ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጉዳዬ ግን ያ ስልክ የተደወለለት ሰው በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ሲቀመጥ ስለሚሆነው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሱ ንብረት አይደለም። የሕሙማን ካርድ፣ የመምህራን ፔሮል፣ የሕፃናት የልደት ምዝገባ፣ የጤና መድን አባላት ስም ዝርዝር ነው። እቤቱ የተታለለ ሰው የራሱን ያጣል፤ ቢሮው የተታለለ ሰው የእኔንና የእናንተን ያሳጣል።

የሳይበር ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተሰማውን ዓይነት ነገር ነው። ያኔ የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኢንሳ፣ በህዳሴው ግድብ ውኃ ሙሌት ዋዜማ ሳይበር ሆረስ ግሩፕ የተባለን ጨምሮ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሞከራቸውን አሳውቆ ነበር። ያ እውነት ነው። ለወረዳ ቢሮ ግን አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተራ መልእክት፣ በፍላሽ፣ በስልክ ጥሪ ነው። የሚገባውም በሰው በኩል ነው። ስለዚህ ሰውን ማሠልጠን ያስፈልጋል ይባላል፤ እስማማለሁ። ጥያቄዬ የትኛውን ሰው የሚል ነው።

በሥራ ዘመኔ የተለያየ ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ፣ ሻይ በዳቦ፣ ፊርማ፣ አበል። አበሉን አልነቅፍም፤ ከወረዳ የመጣ ሰው አልጋ ይከራያል። የሚቆጨኝ ከአዳራሹ ስንወጣ ያንኑ ወረቀት የያዝነው ሁላችን መሆናችን ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም፣ ገንዘብ ያዧም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም። በሽተኛ ተሰልፎ ሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን ተሰጥቶት ቢሄድ ምን እንላለን?

ባለፈው ዓመት አንድ የዘመድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የኢንተርኔት ደህንነት ትምህርት በስልክና በኮምፒውተር የሚሰጥ ፕላትፎርም ለመሥራት ተነሳ። ረቂቁን አምጥቶ አሳየኝ። በመጀመሪያው ገጽ «ተጠቃሚ፦ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከ25 እስከ 55 ዓመት፣ ኮምፒውተር የሚጠቀም» ይላል። ልጄ፣ እንዲህ የሚባል ሰው እኔ አላውቅም አልኩት። እሱ ደግሞ ሳይከፋው፣ ለዚህ መላ ያለው ሙያ እንዳለ ነገረኝ። «ፐርሶና» ይሉታል፤ በእኛ አባባል የተጠቃሚ ምስል ልንለው እንችላለን። አለን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ለሁሉም የሚሆን ነገር እሠራለሁ ከማለት ይልቅ፣ ብዙ ሰዎችን ጠይቀህ የእነሱን ጠባይ የሚወክሉ ጥቂት ሰዎችን በወረቀት ላይ ትስላለህ፤ ሥራቸው፣ ችግራቸው፣ የሚፈልጉት ነገር ይጻፋል፤ ከዚያ ለእነሱ ትሠራለህ።

ለጤና ባለሙያ ይህ አዲስ አይደለም። በቆጮ አገር ስለ ተመጣጠነ ምግብ ስናስተምር የብርቱካንና የእንቁላል ሥዕል ያለበት ፖስተር ይሰጠን ነበር። እናትየዋ እንቁላሏን ሸጣ ጨው ትገዛለች። ቆጮ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ትምህርቱ ሰው ጆሮ የሚገባው «ቆጮውን ከምን ጋር ነው የምትበሉት?» ብለን ስንጀምር ነበር። ከዚያ ወደ ባቄላው፣ ወደ አይቡ፣ ወደ ጎመኑ መሄድ ይቻላል። የበሽተኛ ታሪክ ስንወስድም የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ነው፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ነው።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን የሳልናቸውን ሰዎች ልንገራችሁ። ሙያው ስም አውጡላቸው ይላል። እኛ ከተማ ስም ካወጣሁ ግን በማግስቱ «ይቺማ የእከሌ ልጅ ናት» ይባላል። ስለዚህ በወንበራቸው ልጥራቸው። አንዳቸውም አንድ ሰው አይደሉም፤ ከብዙ ሰው የተቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያዋ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ባለሙያ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስትገባ በመስኮቱ ሰው ተደርድሯል። የመድን ካርድ ታያለች፣ አሮጌ ካርድ ትፈልጋለች፣ አዲስ ትከፍታለች፣ ወር ሲያልቅ ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሥርዓት ለሚገባው ሪፖርት ቁጥር ትለቅማለች። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የሚፈራረቁበት ሦስት ናቸው። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። የተለመደው ሥልጠና «ፓስወርድ ለሰው አትስጪ» ይላታል። ታውቀዋለች። ግን የሌሊት ተረኛው የራሱ መግቢያ የለውም፤ ተጠይቆለት ገና አልተሰጠውም። ፓስወርዱን ብትደብቅ በሌሊት የመጣች ወላድ ካርድ አይገኝላትም። እንግዲህ ማንን ነው የምናስተምረው? እሷን ለአንድ ሰዓት አስቀምጠን ብንመክራት ወረቀቱ አይነሳም። ወረቀቱ የሚነሳው ለተረኛው የራሱ መግቢያ ሲሰጠው ነው። የተጠቃሚ ምስል መሳል አንዱ ጥቅም ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የሠራተኛው ያልሆነውን ቦታ ያሳያል። ፕላትፎርሙ ለእሷ ያለው ትምህርት አምስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ሰልፉ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ለአለቃዋ ደግሞ «ሦስት ሰው በአንድ መግቢያ እየሠራ ነው» የሚል ማስታወሻ አብሮ ይሂድለት።

ቋንቋውን አትርሱ። ይቺ ሴት እቤቷ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ታወራለች፣ ደብዳቤ በአማርኛ ትጽፋለች፣ ስክሪኑ የሚያናግራት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ፋይል ስትከፍት «ይዘቱን ፍቀድ» የሚል ትርጉም ያለው ቢጫ መስመር ብቅ ይላል፤ እሷ «ይቀጥል» ማለቱ ይመስላታል። ብዙ ተንኮለኛ ፋይል የሚጠብቀው ያችን አንዲት መጫን ነው። «አጠራጣሪ አባሪ ፋይሎችን አትክፈቱ» ከሚል አንድ ገጽ ንግግር ይልቅ ያንን ቢጫ መስመር በፎቶ አሳይቶ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ «ይሄን ስታዪ እጅሽን አንሺ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ላይ ብዙ ቆየን። ወር መጨረሻ ላይ ፔሮል ይሠራል፣ እስከ ማታ ያመሻል። ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደዚያ የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ሱቅ፣ በመስቀል ሰሞን ለያሆዴና ለመሳላ የሚታረደው ሰንጋ፣ ከዚያ በሚላክ ገንዘብ የሚሸፈነው ስንቱ ነው! አሁን ከሌላ አገር የመጣውን የሥልጠና ምክር እዩት፤ «ከማያውቁት የውጭ ቁጥር ለሚመጣ መልእክት መልስ አይስጡ» ይላል። የእኛ ሰው ግን በ27 ለሚጀምር ቁጥር ሁሉ ይደነግጣል። ወንድምየው ስልኩን ሲዘረፍ ቁጥር ይለውጣል፤ ሱቁ ሲቃጠል በጎረቤቱ ስልክ ይደውላል። ያንን መልእክት አትመልስ ብሎ ማዘዝ ወንድምህን ተው ማለት ነው፤ ማንም አይሰማውም፤ ምክሩን ያልሰማ ሰው ደግሞ ቀሪውንም ምክር ይጥለዋል።

አጭበርባሪው ይህን ከእኛ እኩል ያውቃል። «ታስሬያለሁ፣ ለማንም ሳትናገር ቶሎ ላክ» የሚለው መልእክት የተጻፈው ለዚህ ሰው ነው። ሌሊት ያለቀሰ ሰው ጠዋት ፔሮል ላይ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስተውል አስቡት። ለእሱ የሚሆነው ትምህርት ሌላ ነው። መልሱ፣ ግን በድሮው ቁጥር ደግሞ ሞክር፤ እዚያ ያለ ሌላ ዘመድ ጠይቅ፤ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የአያትን የቤት ስም፣ ጠይቅ። «ለማንም እንዳትናገር» የሚል ቃል ካለበት ያኔውኑ ለአንድ ሰው ተናገር።

ሌላም ፍርሃት አለው፤ ኃላፊውን ይፈራል። በቴሌግራም የኃላፊው ፎቶ ያለበት አካውንት «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ይሄን ክፍያ አሁን ጨርስ» ቢለው፣ መልሶ ደውሎ «እውነት እርስዎ ነዎት?» ማለት በእኛ ባህል ድፍረት ይመስላል። ታላቅን መጠራጠር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ይህን ሂሳብ ሠራተኛው ብቻውን አይፈታውም። ኃላፊው በሠራተኛ ስብሰባ ቆሞ «ከእኔ የመጣ የገንዘብ ትእዛዝ ሁሉ በድምፄ ካልተረጋገጠ አትፈጽሙ፤ የደወለልኝን አልቆጣም» ማለት አለበት። ከተናገረ በኋላ የመጀመሪያውን ደዋይ ከተቆጣ ደግሞ ነገሩ አበቃ።

ስለዚህ ሦስተኛው ምስል ኃላፊው ራሱ ነው። ሥልጠናውን ከፍቶ ንግግር አድርጎ ይወጣል፤ ወይ ተወካይ ይልካል። ስልኩ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው እጅ ላይ ነው፤ የሚገባውን የአንድ ጊዜ ኮድ የምታነብለት እሷ ናት። ለሌባ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው፤ ለአሠልጣኝ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግረው። አዳራሽ አይቀመጥም። የዘመዴ ልጅ ያመጣው ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለስብሰባ ሲመላለስ በመኪና ውስጥ የሚሰማው የአሥር ደቂቃ የድምፅ ትምህርት ይዘጋጅለት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከረቂቁ ረስተዋት ነበር። ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ነው፤ አሁን በብዙ ቀበሌ የቤተሰቡ መዝገብ በታብሌት ይሞላል። ማን እንዳረገዘች፣ ማን የቤተሰብ ዕቅድ እንደጀመረች፣ ማን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ እንዳለ በእጇ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ትሠራለች። መብራት ሲጠፋ ታብሌቱን ቻርጅ ለማድረግ ጀነሬተር ወዳለው ሱቅ ታስቀምጣለች። ማታ ደግሞ ልጇ ጨዋታ ይጫወትበታል። ለእሷ በቪዲዮ የሚጫን ትምህርት ማዘጋጀት ቀልድ ነው። ታብሌቱ በኮድ ይቆለፍ፣ ሱቅ ሲቀመጥ ይጠፋ፣ ለልጁ አይሰጥ፤ ይሄ በሦስት አጭር መልእክት ያልቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። እሷ ግን አዋጁ ሳይነገራትም የሰው ምስጢር ምን እንደሆነ ታውቃለች። አንዲት ሴት ባሏ ሳያውቅ መርፌ መወጋቷ ቢወጣ ምን እንደሚከተል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ትምህርቱ ከዚህ ቢጀምር ይገባታል።

የአይቲ ባለሙያውን በአጭሩ ልለፈው። ወጣት ነው፣ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አያሠለጥነውም። ያልተገዛ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዞ ለሁሉ የሚጭነው እሱ ነው። ደብዳቤ ከመንገድ ዳር ኮምፒውተር ቤት አስጽፈን በፍላሽ ስንመጣ፣ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ሲለወጥ የምንሮጠውም ወደ እሱ ነው። ደክሞታል። ከትምህርት በፊት ፈቃድ ያለው ሶፍትዌርና ረዳት ይስጡት።

እነዚህን ሰዎች ለመሳል ከቢሮ ሆኖ መገመት አይበቃም። የዘመዴን ልጅ ያልኩት ይህን ነው፤ ከየሥራው አምስት ስድስት ሰው ፈልግ፣ ከጠረጴዛው ጎን ግማሽ ቀን ተቀመጥ፣ ዝም ብለህ እይ። ከዚያ ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት፣ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ የሚያስብበትን ቋንቋ፣ የሚፈራውን ነገር፣ ግራ ሲገባው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ሰው ጻፍ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አስምርባት፤ ብዙ ጊዜ መልሱ የአይቲ ክፍል ሳይሆን ጎን ያለችው ባልደረባ ናት። ትምህርት ለእሷ ቢሰጥ ለአሥር ይደርሳል። ብሔርና ሃይማኖት ግን ወረቀቱ ላይ አይስፈር። ለሥልጠናው አይጠቅምም፤ በእኛ አካባቢ ወረቀት ከእጅ ወጥቶ የት እንደሚደርስም አይታወቅም። ሞኝ አድርገህም አትሳላቸው። ሞኝ ነው ብለህ ያሰብከውን ሰው ትቆጣዋለህ እንጂ አታስተምረውም።

ቁጣ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤችአይቪ ትምህርት በተጀመረባቸው ዓመታት በሚያስፈራ ሥዕል ብዙ ደክመናል፤ የተፈራው ሰው ከመመርመር ይልቅ ተደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ነው። ዛሬም አንዳንድ መሥሪያ ቤት የውሸት ኢሜይል ልኮ የጫነውን ሠራተኛ ስም በሰሌዳ ይለጥፋል አሉ። በሚቀጥለው እውነተኛው ሲመጣ ያ ሠራተኛ አፉን አይከፍትም።

የአየርላንድ የጤና አገልግሎት የደረሰበት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. በአንድ ኮምፒውተር ላይ በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል ተከፈተ። ወንጀለኞቹ በዚያ ገብተው ቀስ ብለው ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ተዘዋወሩ። የሚያጠራጥሩ ምልክቶች ታይተው ነበር፤ ተገቢው ክትትል ግን አልተደረገም። ግንቦት 6 ቀን መረጃውን ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ። ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ፣ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ ሥርዓቱ እስኪስተካከል ወራት ፈጀ። ፋይሉ ከተከፈተበት ቀን እስከ ጥቃቱ ስምንት ሳምንት ነበር። እኛ ነርሶች መርፌ ሲወጋን በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት መጀመር እንዳለብን እናውቃለን፤ የሚናገረው የማይቀጣ ከሆነ ብቻ ነው ሰው በሰዓቱ የሚመጣው። እዚህም ሰዓቱ ይቆጠራል።

በእርግጥ ሁሉ በሠራተኛ አይላከክም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጥቃት የእንግሊዝን የጤና አገልግሎት ሲመታ ወደ 19,000 የሚጠጋ የሕሙማን ቀጠሮ ተሰርዟል ተብሎ ተገምቷል። ያኔ መግቢያው ያልታደሰ ማሽን ነበር፤ ማንም ምንም ባይጫን እንኳ ይገባ ነበር። ማሽኑን ማደስ የመሥሪያ ቤቱ ዕዳ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀለኛውን ይቀጣል፤ ካርድ ክፍሉን ግን አይጠብቅም።

የመጨረሻው ሰው በማንኛውም የሥልጠና ዝርዝር ላይ አይገኝም፤ የሌሊት ጥበቃው ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል። ኮምፒውተር አይነካም ተብሎ ነው የተተወው። ነገር ግን «ከዋናው ቢሮ የተላክሁ ቴክኒሻን ነኝ» ብሎ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ማታ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ጠዋት መሬት ላይ የወደቀ ፍላሽ አንስታ «የእናንተ ነው?» ብላ የምትሰጠው ለካርድ ክፍሏ ነው። ለሁለቱ ፕላትፎርም አያስፈልግም። በበሩ ውስጠኛ ጎን፣ በትልቁ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ስልክ ቁጥር ይበቃቸዋል፤ ቁጥሩ ግን በሌሊት የሚነሳ መሆን አለበት።